ሦስት መኪና፣ አንድ ሌሊት፣ የአንኮበር ቁልቁለት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ የምንኖር አስራ አንድ ጓደኛሞች ነን። ሁለት ሃይሉክስ፣ አንድ የድሮ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ እና አንድ ራቭ ፎር አለን። ቅዳሜ ወጥተን እሁድ ማታ የምንመለስበት የኦፍሮድና የካምፒንግ ጉዞ ወደ ሰሜን ሸዋ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ሁላችንም እንነዳለን፤ ከኮረኮንች ያለፈ ልምድ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጓሳ ይሻላል ወይስ አንኮበር? ምን ይዘን እንውጣ?»

በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። አንኮበር። ሦስት መኪና። ቅዳሜ ደጋው ላይ ታድራላችሁ፤ እሁድ ጠዋት ወደ አልዩ አምባ ትወርዳላችሁ፤ ከሰዓት ወደ ቤት። ራቭ ፎሩ አዲስ አበባ ይቅር።

ባለቤቱ እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። መኪናው ለከተማም ለአገር አቋራጭም ጥሩ ነው። ግን ሆዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ዋናው ደግሞ ሎው፣ ማለትም መኪናውን በዝግታና በጉልበት የሚያስኬደው ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ፣ የለውም። ለምን እንዲህ እንደማከርር ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል። ለአስራ አንድ ሰው ሦስት መኪና ይበቃል። ሃይሉክሶቹ ላይ አራት አራት ሰው፣ ሃርድቶፑ ላይ ሦስት ሰውና ከባዱ ዕቃ። መኪና በበዛ ቁጥር የሚቆመውም ይበዛል። አንዱ ሽንት ቤት ሲል ሌላው ቡና ሲል፣ ቅዳሜ ሸኖ ላይ ያልቃል።

ጓሳ ያማረ ቦታ ነው፤ ለሁለት ቀን ግን አይሆንም። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ጣልያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ሳይገቡ ወደ መሐል ሜዳ መታጠፍ ነው። ቅዳሜን መሪ ላይ ትውላላችሁ፤ እሁድንም መሪ ላይ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ጓሳን የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ በጋራ እየከፈተ፣ ያቆየው መሬት ነው። እዚያ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ብሎ ነገር የለም። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው ሣሩ ሥር ጎሬ የሚቆፍሩትን አይጦች እየበላ ነው። ጎማ ጎሬውን ከደረመሰው ቀበሮው ራቱን አጣ ማለት ነው። ሦስት ቀን ስታገኙ ሂዱ፤ መኪናውን አቁማችሁ፣ ስካውት ይዛችሁ፣ ጭላዳውን በእግር ለማየት።

ይህን ካነሳሁ ዘንድ፣ ኦፍሮድ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለቤት የሌለው ሜዳ አታገኙም። ባዶ የመሰላችሁ መስክ የአንድ መንደር የግጦሽ መሬት ነው፤ ወይም የሚቀጥለው በልግ ገብስ የሚዘራበት ማሳ። የጎማ ፈለግ ደግሞ በደጋ ተዳፋት ላይ ቦይ ይሆናል። በሁለት ክረምት ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ በተከፈተ መንገድ ብቻ ንዱ። መንገዱ ራሱ የሚበቃ ፈተና ነው፣ አታስቡ።

አሁን ከሁሉ መቅደም የነበረበት ነገር። የጸጥታው ጉዳይ። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ያለው ሁኔታ የታወቀ ነው፤ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። የሚበጀው እዚያው የሚኖር ሰው ማግኘት ነው። የደብረ ብርሃን ዘመድ፣ በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር፣ አንኮበር ላይ ሱቅ ያለው ሰው። ሐሙስ ደውሉ፤ አርብ ማታ ደግማችሁ ደውሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ስትበሉ ሦስተኛ ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ «እንጃ» ካለ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል። ይህን ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ድምፅ ተስማሙ። መንገድ ላይ ሆነው ሲከራከሩ ሁልጊዜ ደፋሩ ያሸንፋል። መገናኛ ሬዲዮና ድሮን ደግሞ ፈቃድ ከሌላችሁ ቤት ተዉት፤ ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ይበላባችኋል።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ክረምቱ ካለፈ ዝናብ አለቀ ይላል። የሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ደጋ ግን በልግ አለው። ከየካቲት ጀምሮ ይዘንባል፤ ዋልካውም ሲርስ ጎማ ላይ እንደ ጫማ ይደርባል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾም ነው። ምርጡ የካምፕ ወቅትና የነቢያት ጾም እላይ በላይ ናቸው። ከቡድናችሁ ማን እንደሚጾም ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ፣ በግ አርዳችሁ ስትጨርሱ ሦስት ሰው ቆሎ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ ታያላችሁ። ደርሶብኛል። ያ ማታ ጨዋታው አልደመቀም።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለገጣፎን እለፉ። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቁርስ እዚያው ብሉና ነዳጅ ሙሉ። ከዚያ በኋላ ማደያ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ነዳጅ እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ክፍያ ነው የሚከፈለው፤ ስልካችሁ ላይ ገንዘብ ይኑር። ለመንደሩ ግን ዝርዝር ብር ያዙ።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ 3,000 ሜትርን አልፎ ይወጣል። እዚህ ሃርድቶፑ ሲያለከልክ አትደንግጡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። እዚያ ላይ ሲደርስ ሲሶውን ሊያጣ ምንም አይቀረው። ማርሽ ቀንሱለትና በራሱ ፍጥነት ይውጣ። ሃይሉክሶቹ ጥለውት አይሂዱ።

የሰልፉ ደንብ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሹፌር ተጠያቂነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነው። በመስታወት ካላያችሁት ቁሙ። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የኋለኛው መጥቶ መታጠፉን እስኪያይ ድረስ ማንም አይነቃነቅም። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስላለ «እደውልለታለሁ» አይሠራም። ልምድ ያለው ሰውዬአችሁ ሃርድቶፑን ይዞ መጨረሻ ይሁን። ብዙ ቡድን ጎበዙን ፊት ያደርጋል፤ እኔ አልስማማም። ፊት ያለው ቢቆም ከኋላ የሚደርስለት አለ። መጨረሻ ላይ ያለው ቢቆም ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህ አገር ያስቸግራል ሲባል ሁሉም ዳገትና ጭቃ ይመስለዋል። ዳገት ቢበዛ ያቆማችኋል። አደጋው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ወርዳችሁ ከደጋ ወደ ቆላ ትገባላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከባሕር በኩል በአፋር በረሃ የመጣ የግመል ጭነት ደጋውን ለመውጣት ወደ ጋማ ከብትና ወደ ሰው ትከሻ ይዛወር ነበር። ግመል ያልደፈረው አቀበት ማለት ነው። እናንተ በግልባጩ ትወርዱታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት መኪና ይዤ ይህን መንገድ ወረድኩ። አራተኛው ሹፌር አዲስ አበባ ውስጥ አስራ አምስት ዓመት የነዳ ሰው ነው። መኪናው አውቶማቲክ። ማርሹን ዲ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ ጥዶ ይወርዳል። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቆምኩና ወደ ኋላ ሮጥኩ። የፊት ጎማው ሥር ቀጭን ሰማያዊ ጭስ አለ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ፔዳሉ ለሰለሰብኝ» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። በስተግራ ገደሉ ነው።

ድንጋይ ጎማ ሥር ወሸቅን። አንዱ ጓደኛችን ሃይላንድ ከፍቶ ጎማው ላይ ሊያፈስ ሲል እጁን ያዝኩት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት ዲስኩ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። አርባ ደቂቃ ቁጭ አልን። በመሃል ሁለት አህያ የጫኑ ሽማግሌ ከታች ወጡ።

«ምነው ልጆቼ፣ ተበላሸ?»

«ፍሬኑ ግሎብን ነው አባባ።»

መኪናውን ዞር ብለው አዩት። «እያንቃችሁ ስታወርዱት ነዋ። በራሱ እግር ይውረድ እንጂ!» አሉና አህዮቻቸውን ጭ! ብለው አለፉ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አልሰማሁም። ፍሬን ስትረግጡ የመኪናው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ደጋግማችሁ ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ውስጡም አረፋ ይሠራል። ዘይት አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። እግራችሁ የሚገፋው አረፋውን ይሆናል። ፔዳሉ ለሰለሰ የሚባለው ያ ነው። ሽማግሌው «በራሱ እግር» ያሉት ደግሞ ሞተሩ ነው። ሎው ስታስገቡ መኪናው በያንዳንዱ ማርሽ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ዝግ ይላል፤ ሞተሩም ራሱ ይዞ ያወርደዋል። ራቭ ፎሩን ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ ቁሙ። ሎው አስገቡ። ሃርድቶፑ የእጅ ሃብ (የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ ጉልበት ጋር የሚያገናኝ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ) ካለው አንድ ሰው ወርዶ የፊቶቹን ሁለት ሃቦች ይቆልፍ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ሃቡ ካልተቆለፈ ሎው ብታስገቡም መኪናውን የሚይዙት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛ ማርሽ ይበቃል፤ በጣም ከቆለቆለ አንደኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ዝቅተኛው ላይ አስቀምጡ። ከዚያ እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ አንሱ፤ ፍሪሲዮን ከረገጣችሁ ሞተሩን ለቀቃችሁት ማለት ነው። ፍጥነት ከጨመረ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ አንዴ ረገጥ፣ ከዚያ ለቀቅ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ፎሌ ላይ የሚያወርድ ሰው ካያችሁ ቁልፉን ተቀበሉት። ቀልዴን አይደለም።

በመኪኖቹ መካከል ቢያንስ አንድ መጠምዘዣ ርቀት ይኑር። ለሚወጣ መኪናና ለተጫነ ከብት ቅድሚያ ስጡ። አስቸጋሪ ቦታ ሲያጋጥም አንድ ሰው ወርዶ በእጁ ይምራ። አንድ ብቻ። አራት ሰው በአንዴ «ግራ! ቀኝ! ቁም! ና!» ሲል ሹፌሩ የሚሰማው የሚወደውን ነው። ጉም ከመጣ ደግሞ መውረድ የለም። ከቆላው የሚወጣው ጉም ባላሰባችሁት ሰዓት ኮፈኑን እንኳ ይሰውርባችኋል።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። ነፋሱ አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ ከሆነ ድንጋያማው ላይ ወደ 26 ወይም 28 አውርዱት። ጎማው ድንጋዩን ያቅፈዋል፤ ጀርባችሁም ያርፋል። ከዚያ በታች ግን የጎኑ ግድግዳ ለስለታም ድንጋይ ይጋለጣል። ለመመለስ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ስኮርት ጎማውን ቤት ሳላችሁ ነፋስ መያዙን እዩ፤ ክሪኩንም አንዴ አንሱበት። ክሪክ የሚቆምበት ወፍራም ጣውላ ያዙ፤ ልል መሬት ላይ ያለ እሱ ይሰምጣል። አካፋ አንድ። መጎተቻ ገመድ አንድ፣ ከሁለት ጠንካራ ሻክል (የብረት ማያያዣ) ጋር። ገመዱን ተጎታች በሚያያዝባት ኳስ ላይ በፍጹም አትሰሩ። ኳሷ ከተነቀለች እንደ ጥይት ነው የምትሄደው። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፤ ቢበጠስ ያዳፍነዋል። ሹፌሮቹ ካልሆኑ በቀር ሌላው ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቆ ይቁም።

ቅዳሜ 6 ሰዓት አካባቢ አንኮበር ትደርሳላችሁ። ከሰዓቱን ልምምድ አድርጉት፤ ሎው ማስገባት፣ ነፋስ ማውረድ፣ በእጅ መምራት። ከ10 ሰዓት በፊት ግን ድንኳን ተክላችሁ ጨርሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ እንደ መጋረጃ ነው የሚወርደው።

የት ይተከል? ቦታውን እኔ አልመርጥላችሁም፤ መንደሩ ይመርጥላችኋል። መኪናውን መንገድ ላይ አቁማችሁ ሁለት ሰው በእግር ወደ ቅርቡ ቤት ይሂድ። አጥሩ ጋ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ። ለአንድ ሌሊት እንደምታድሩ ተናገሩ፤ የማን መሬት እንደሆነ፣ ቀበሌው ማወቅ እንዳለበት ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ቦታ ራሳቸው ያሳዩአችኋል፤ ከነፋስ የተከለለ፣ ውሃ የማይተኛበት። የሚጠብቅ ሰው አስመድቡና ዋጋውን ማታውኑ ተነጋገሩ። ቡና ስታፈሉ ጥሯቸው። ገደል አፋፍ ላይ ለፎቶ ብላችሁ አትትከሉ። ሌሊት ሽንት የሚወጣ ሰው አለ።

ብርዱ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳኑ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰው ከላይ ይደርብና ከታች ይረሳል። ሙቀታችሁን የሚወስደው መሬቱ ነው። ወፍራም ፍራሽ ወይም ስፖንጅ ከሥር፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ከላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። የመንዝ ባና የሚያበድራችሁ ካገኛችሁ ደግሞ ንጉሥ ናችሁ። ማታ የምትለብሱት ካልሲ ቀን ያልለበሳችሁት ይሁን። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል የሚባለው ለግማሽ ሰዓት እውነት ነው። ከዚያ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ብርዱን ይጋብዝባችኋል። ጠዋት ቁልቁለት የሚነዱ ሦስት ሰዎች ደግሞ ከነጭራሹ አይቅመሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍም የሆነ፣ ጭስ የጨረሰ፣ «ትንሽ ነው» የተባለ፣ አይገባም። መኪና ውስጥም አይገባም። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ምታት ነው ብሎ የተኛ ሰው አይነቃም። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ሰው ምድጃዎቹን ሁሉ ቆጥሮ ውጭ መሆናቸውን ያረጋግጥ። ሥራው ይኸው ብቻ ይሁን።

ምግብ ቀላል አድርጉት። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ምስር ቢንተከተክም ቶሎ አይበስልም። ቤት የተሠራ ወጥ ይዞ ማሞቅ ይሻላል። ለጠዋት በሶ፣ ዳቦ፣ ቡና። ለመንገድ ቆሎ፤ ለማይጾም ቋንጣ። ውሃ ለአንድ ሰው ለቀን አምስት ሊትር ያዙ። ሁለቱን ቀን ስትደምሩት 110 ሊትር ነው፤ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ስድስት። ከተበላ በኋላ ትርፉን መኪና ውስጥ ቆልፉ፤ ጅብ አለ። ጫማችሁንም ድንኳን ውስጥ አስገቡ።

እሁድ ቁርስ በልታችሁ 2 ሰዓት ላይ ውረዱ። ከመካከላችሁ ወፍ የሚወድ ካለ ከመውረዳችሁ በፊት ገደሉ አፋፍ ላይ ትንሽ ይቁም። አንኮበር ሴሪን የምትባል ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ትንሽ ወፍ አለች። ለሳይንስ የታወቀችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ የምትገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። አልዩ አምባ ሻይ ጠጡ፤ ከ6 ሰዓት በፊት ወደ ላይ ተመለሱ። አወጣጡም በሎው ይሁን፤ የሞተሩን የሙቀት መለኪያ እያያችሁ። ከአንኮበር ከ8 ሰዓት በፊት ተነሱ። ደብረ ብርሃን ላይ ጎሚስታ ጋ ገብታችሁ ነፋሱን ወደ 35 መልሱ፤ የጎማ ብሎኖቹን አስጠብቁ። ድንጋይ ላይ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ብሎን ይላላል።

ከዚያ ያለው አስፋልት ነው። የራቭ ፎሩ ባለቤት ሁለት ቀን ሙሉ ተሳፋሪ ሆኖ ከርሟልና፣ ከጫጫ እስከ ሸኖ ሃርድቶፑን እሱ ይንዳው።